ክፍሉ ባዶ ነው

«ክፍሉ እኮ ባዶ ነው!» አለ ወንድምየው በስልክ። እህትየዋ በዛች ሰዓት እዛው ባዶ በተባለው ክፍል ውስጥ፣ አልጋዋ ላይ፣ ብርድ ልብሷን እስከ አገጯ ስባ ተጋድማ ነበር። ግድግዳው ስስ ነው፤ ኮሪደር ላይ ቆሞ የሚያወራ ሰው ትራሷ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያወራ ያህል ይሰማታል። መጀመሪያ ሌላ ክፍል መስሏት ነበር። ወንድሟ መኪና መንዳት አስተማሪ ስለሆነ የማስተማሪያ ክፍል ይሆናል አለች በሆዷ። እሱ ግን ቀጠለ፦ «አዎ፣ የእናታችን ክፍል... ካርቶኑን ለጥፌ ጨርሻለሁ... ኧረ ማንም የለበትም! ዛሬ ኑና ስፒከሯን ስሟት፣ ከዛ በቃ መስሚያ ቤታችን አድርገነው ቁጭ ነው።» ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ ራሷን አየች። እግሯ አለ፣ እጇ አለ፣ ካልሲዋ ሳይቀር አለ። ማንም የለበትም የተባለው ክፍል ውስጥ አንድ ሙሉ ሴትዮ ከነካልሲዋ ተኝታለች። ጉድ እኮ ነው፤ ሰው ሞቶ ነው እንጂ ተኝቶ እንዲህ ሲረሳ ታይቶ አይታወቅም።

ክፍሉ ድሮ የእናታቸው ነበር። እናትየው ታማ ስትተኛ እህትየዋ ከተከራየችበት ለቅቃ መጣች፤ ወለሉ ላይ ፍራሽ ዘርግታ ስታገላብጣት፣ ስታጥባት፣ ስታጎርሳት ቆየች፤ እናትየው ስታርፍ ከወለሉ ወደ አልጋው ወጣች። ማንም ግቢበት አላላትም፣ ማንም ውጪም አላላትም። እንደዚህ አይነቱ ነገር ዘመድ መሀል በዝምታ ነው የሚያልቀው። ችግሩ በዝምታ የተሰጠ ነገር በዝምታ ይወሰዳል። መጀመሪያ ቁም ሳጥኗ «ለጊዜው» ተብሎ ኮሪደር ላይ ወጣ። ቀጥሎ አንድ ቀን ከሥራ ስትመለስ ግድግዳው እስከ ጣሪያ የእንቁላል ካርቶን ተለጥፎበት አገኘችው፤ ድምፅ እንዳያስተጋባ ነው አሏት። የእናትየው ፎቶ ተሰቅሎ የነበረበት ቦታ ሳይቀር ካርቶን ሆነ፤ ፎቶው መሳቢያ ገባ። ከዛ ወዲህ ሌሊት በነቃች ቁጥር የሆነ ግዙፍ ዶሮ እላይዋ ላይ የተቀመጠ ይመስላታል።

እግርጌዋ ደግሞ ሁለቱ ስፒከሮች አሉ። ወገብ የሚደርሱ፣ ጥቁር፣ የሚያብረቀርቁ፣ አፍ ለአፍ ገጥመው የቆሙ፤ የእናትየውን ወፍራም ብርድ ልብስ ለሁለት ተከናንበዋል። ወንድምየውና ጓደኞቹ «ጥቁሯ» ነው የሚሏት። «ጥቁሯ ስትከፈት አንጀትህን ነው የምትይዘው»፣ «ጥቁሯን ያየ ሌላ አያይም» ሲባባሉ የማያውቅ ሰው ቢሰማቸው ሮጦ ሄዶ ሚስቶቻቸውን ይጠራ ነበር። ፋብሪካው «ከእንግዲህ ጥቁሯን አልሠራም» ብሎ ያወጀ ሰሞን ወንድምየው እህል አልበላ ብሎ፣ ሥራ ላይ ፍሬን መርገጡን ረስቶ፣ ተማሪው የሰው አጥር ውስጥ ገብቷል። መኪና አስተማሪ ማለት ሌላው መሪ ይዞ እሱ ፍሬን የሚረግጥ ሰው ነው፤ ቤት ውስጥም ያው ነው፣ መሪ አይዝም፣ የሰው መንገድ ላይ ፍሬን መርገጥ ብቻ። ከዛ ሱቅ ለሱቅ ዞሮ፣ ማሸጊያዋ ያልተከፈተ የመጨረሻዋን ጥንድ አገኘ። ቀድሞ የነበረችውን አሮጌ ጥቁሯን ለጓደኛው ለጥርስ ሐኪሙ ሸጦ፣ ለቤት ጥገና የተቀመጠውን ጨምሮ ገዛት። የወንድምየው ሚስት ጣሪያው የሚያፈስበት ቦታ ባልዲ አስቀመጠች።

አዲስ ስፒከር ግን እንደነሱ አነጋገር ገዝተው ወዲያው አይሰሙትም። እንደ አዲስ ጫማ ነው፣ መፍታታት አለበት። ስለዚህ ሌት ተቀን ሙዚቃ ይለቁበታል። ጎረቤት ድንጋይ እንዳያነሳ ደግሞ ዘዴ አላቸው፦ ሁለቱን አፍ ለአፍ ያቆሙና የአንዱን ሽቦ ገልብጠው ያስሩታል፤ ቀዩን በጥቁሩ፣ ጥቁሩን በቀዩ። እንደዛ ሲሆን አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ድምፁ እርስ በርሱ ይበላላና ውጪ የሚሰማው ትንሽ ጉርምርምታ ብቻ ይሆናል። ወንድምየው የገለበጠው ሽቦ ላይ ቀይ ክር ቋጠረበት፤ ከእህትየዋ የልብስ ስፌት ቆርቆሮ ሳይጠይቅ ያወጣው ክር ነው። «ስሚኝማ» አላት ያን ቀን፣ «እኔ እንደሆንኩ መርሳት ልማዴ ነው። ይሄን ሳላስተካክል ከሰማናት አንጀት የሌላት ነገር ነው የምትሆነው፤ ዘፋኙ መሀል መቆሙ ቀርቶ የትም ይበተናል። ይቺን ክር ካየሽ አስታውሺኝ። አደራ!» «እሺ ጋሼ» አለች። አደራ እሷ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው። ለዚህም ነው ያልከበረችው።

ያን ጠዋት እንግዲህ ስልኩን ሲዘጋ ጠብቃ ተነሳች። ሚስትየዋ ወጥ ቤት ቆማ ዳቦ ትቆርጣለች፤ ስታያት ቢላዋው ዘገየ። ሁለቱ ሴቶች አይጣሉም፣ አይፋቀሩም፤ አንድ ማንቆርቆሪያ ለረጅም ጊዜ አብረው የተጠቀሙ ሰዎች ናቸው። «ሰምተሻል መሰለኝ» አለች ሚስትየዋ ዳቦውን እያየች። «ምን እትዬ?» «እንግዲህ ሶፋው ይዘረጋል። ሲዘረጋ ሰፊ ነው።» እህትየዋ ሻይዋን ቀዳች። ሶፋው ሲዘረጋ ሰፊ መሆኑን ታውቃለች፤ መሀሉ ላይ ብረት መኖሩንም ታውቃለች። ሳሎኑ ቴሌቪዥኑ እስኪጠፋ የሁሉም ነው፤ ጠዋት ደግሞ መጀመሪያ የሚነሳው ሰው መብራት ያበራል። ኪራይ ልትወጣ ብትል የልብስ አጠባ ደሞዟ የሚያስገባት ቤት የሚዘጋ በር የለውም። በር ነው የሷ ነገር። በዕድሜዋ ሙሉ ሀብት ብላ የምትቆጥረው አንድ ዘግታ የምትቀመጥበት በር ነው፤ እሱም ዛሬ ሄደ። «ዳቦ አትበይም?» አለች ሚስትየዋ። «ይቅርብኝ፣ ይረፍድብኛል» አለች። አልረፈደባትም ነበር።

የምትሠራው ሆቴል ምድር ቤት፣ ልብስ ንጽሕና ክፍል ነው። መስኮት የለውም፤ ከላይ ያደሩ ሰዎች የተንከባለሉበት አንሶላ በጋሪ ይወርዳል፣ ታጥቦ ወደ መተኮሻው ማሽን ይገባል። ማሽኑ ትልቅ ነው፣ ሲዘጋ እንደ ከባድ መኪና «ጵስስስ» ብሎ ይተነፍሳል፤ እዛ የሚሠራ ሰው ከንፈር ማንበብ ሳይማር ይችላል። ወንድምየው «የሷን ጆሮ ማሽን በልቶታል» ማለት የጀመረው በዚህ ነው። እውነት አይደለም፤ ጆሮዋ ደህና ነው፣ የማይሰማት ሰው መስላ መቀመጥ ስለሚያሳርፋት ነው እንጂ። ያን ቀን አንሶላ ከወዲያ ጫፍ ለምትይዝላት ጓደኛዋ ነገሩን ነገረቻት። ጓደኛዋ ሳቅ አፈናት። «አንቺ ውስጥ ሆነሽ ባዶ ካለው፣ በወሩ መጨረሻ ደሞዝሽን እኔ ልቀበልልሽ፤ ማን ይጠይቀኛል? የለሽም እኮ!» አለች። ሁለቱም ሳቁ፤ አንሶላውን አጠፉ፤ ሌላ አንሶላ አነሱ። ሳቁ ሲያልቅ ጓደኛዋ «ሂጂና አልጋሽ ላይ ቁጭ በይ። አልነሳም በይ። ከነአልጋሽ ይሸከሙሽ እስቲ» አለቻት። ምክሩ ጥሩ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ እቤት ስትደርስ አልጋው ቀድሟት ወጥቷል።

ኮሪደሩ ላይ፣ ከቁም ሳጥኑ አጠገብ፣ ግድግዳ ተደግፎ በቁሙ ቆሟል። ፍራሹ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። ትራሷ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ነው። ለማለፍ ሰውነቷን ማጥበብ ነበረባት። በራፉ ላይ የወንድ ጫማዎች ተደርድረዋል፤ ክፍሉ ውስጥ አዲስ ምንጣፍ ስለተነጠፈ በጫማ አይገባም ተብሎ ነው። እሷ በዛ ክፍል ውስጥ ሽንት ያለበት ሳፋ ይዛ ስትመላለስ ማንም ስለ ጫማ አንስቶ አያውቅም።

እንግዶቹ ሁለት ናቸው። አንዱ ጥርስ ሐኪሙ ነው፤ ቀጭን፣ ንጹሕ፣ ሲያወራ ሰው አፉን ከፍቶ መመለስ እንደማይችል የለመደ። ሁለተኛውን «ቤዝ» ይሉታል፣ ወፍራሙ ድምፅ ማለታቸው ነው፤ የመኪና ዕቃ ነጋዴ ነው፣ ወፍራም፣ ድምፁ ከሆዱ ሥር የሚመጣ፣ ዕቃ ሲያይ ከፊት ሳይሆን ከኋላ አዙሮ የሚያይ። ጥርስ ሐኪሙ ሙሉ ጥቁር ለብሶ ነው የመጣው። ሚስትየዋ በር ስትከፍትለት ደንግጣ «ውይ ዶክተር፣ ሰው ሞተ እንዴ?» ብትለው «ከሰው ይከፋል» አላት፤ «ሰውማ ይወለዳል፣ ይተካል። እሷን ማን ይተካታል?» ይሄን ሲል እህትየዋ ከኋላው ቆማ ነበር። እናታቸው የተቀበረች ቀን ይሄው ሰውዬ ሰዓቱን እያየ ነበር የቆመው። ወንድምየውም ያን ቀን ዓይኑ ደረቅ ነበር፤ ወንድ ልጅ ነው፣ ይችለዋል ተባለለት። ዛሬ ግን ዓይኑ ሥር ቀላ ብሏል፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ቤዝ ትከሻውን መታ መታ እያደረገ «አይዞህ፣ አንተስ አንድ ጥንድ ቀርታልሃለች፤ ምንም የሌለው አለ» ይለዋል። የሚያጽናኑት ስለ ሳጥን ነው። እንጨት ከነሽቦው።

ክፍሉ መሀል አንድ ወንበር ተቀምጧል። ድምፁ በትክክል የሚሰማው እዛች ወንበር ላይ ነው ብለው ስለሚያምኑ ተራ በተራ ነው የሚቀመጡት፤ ሌሎቹ ከኋላ ቆመው ይጠብቃሉ። ሕጋቸው ከባድ ነው፦ የዘፈን ሸክላው መዞር ከጀመረ አይወራም፣ አይሳልም፣ ማንኪያ ብርጭቆ አይነካም። ወንድምየው ብርድ ልብሱን እንደ ሐውልት መራቂ ገፈፈና ሁለቱን ስፒከሮች አቅፎ ዞር ዞር አደረጋቸው፤ አፍ ለአፍ የነበሩት አሁን ወንበሩን አዩ። ሽቦዎቹን አልነካም። ሲያዞራቸው እንደታሰሩ አብረው ዞሩ። ከዛ ሸክላውን በሁለት መዳፉ ይዞ፣ አስቀምጦ፣ መርፌውን አሳረፈ። እህትየዋ ሻይ የያዘ ትሪ ይዛ የገባችው ልክ በዛች ሰዓት ነው፤ ሚስትየዋ ናት የላከቻት። ትሪውን የምታሳርፍበት ቦታ ስትፈልግ ዓይኗ ከቀኝ በኩል ስፒከር ጀርባ ላይ አረፈ። ቀዩ ክር አለ። ቋጠሮው እንዳለ አለ።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «ክሩ...»

«እሽሽ!»

«ጋሼ፣ ያ ያልከኝ...»

«ኧረ ዝም በይ! ሰው እየሰማ እኮ ነው!» አለ ወንድምየው ጥርሱን ነክሶ። ከዛ ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ሰው ፈገግ አለ። «አትፍረዱባት፣ የሷን ጆሮ ማሽን በልቶታል። ሙዚቃ መጀመሩን አላወቀችም።» ጥርስ ሐኪሙ ወንበሩ ላይ ዓይኑን እንደጨፈነ በአፍንጫው ሳቀ። ቤዝ ሳቀ። ወንድምየውም ሳቀ። እሷ ትሪውን ወለሉ ላይ አስቀመጠች፤ ማንኪያ እንኳን አላንኳኳችም። ከዛ በሩ ሥር ቆመች። አደራዋን ተናግራለች፤ ሁለቴ ተናግራለች። ዝም በይ አላት፤ እሷ ደግሞ ዝም ማለት ከማንም በላይ ታውቅበታለች።

ሙዚቃው ወጣ። ወጣ ከተባለ። ከበሮው ካርቶን የሚደበድቡ ይመስላል፣ ዘፋኙ የት እንዳለ አይታወቅም፤ አንዴ ግራ ጥግ፣ አንዴ ቀኝ ጥግ፣ አንዴ ከጣሪያ፣ ቤት ጠፍቶበት የሚዞር ሰው ነው የሚመስለው። የጥርስ ሐኪሙ ፊት መጀመሪያ ተጨማደደ፣ ቀጥሎ እንደ ሕመምተኛ ነጣ። ተነሳ፤ ወንድምየው ተቀመጠ። ወንድምየው ጭንቅላቱን ወዲህ አለ፣ ወዲያ አለ፣ ወንበሩን በቂጡ እየገፋ ወደፊት ወደኋላ አለ። የሚገርመው ማንኛቸውም ስለ ሽቦ አላሰቡም። የድሮው ስፒከር ቢሆን መጀመሪያ የሚያዩት ሽቦ ነበር። ይቺ ግን የመጨረሻዋ ናት፤ ሳትመጣ ጀምሮ «የመጨረሻዎቹን አርክሰው ነው የሚሠሯቸው» ሲባባሉ ከርመዋል፣ ሊያዝኑ ተዘጋጅተው ነው የመጡት፣ አንዱማ ልብሱን ሁሉ ለብሷል። ለለቅሶ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ሬሳው ቢተነፍስ እንኳን አይሰማውም።

«ገድለዋታል» አለ ጥርስ ሐኪሙ ሸክላው ሲቆም። «እኔ ጋ ያለችው እንደዚህ አይደለችም። ይቺ መሀል የላትም፣ አንጀት የላትም። ውስጧን በርካሽ ቀይረው ነው የሸጡልህ። ሊዘጉ ሲሉ የተረፈ እቃ ገጣጥመው!»

«አይሆንም» አለ ወንድምየው። «ገና አልተፍታታች ይሆናል።» ሌላ ሸክላ አስቀመጠ። የባሰ ሆነ። ሌላ አስቀመጠ። ላቡ ከግንባሩ ወረደ። ጥርስ ሐኪሙ «እኔ ያንተን አሮጌዎች ስገዛ ሞኝ ነህ ብለኸኝ ነበር ለነገሩ» አለ፤ እንዲህ ሲል ሐዘኑ መሀል የሆነች ደስታ እንደ ወርቅ ጥርስ ብልጭ አለች። ወንድምየው እሷን ብልጭታ አያት። ዞሮ በሩ ሥር የቆመችው እህቱ ላይ አረፈ።

«አንቺ ነሽ! እዚህ ክፍል ውስጥ እርጥብ ልብስ ስትሰቅይ ነበር አይደል? በካውያ ስትተኩሺ፣ እንፋሎት ስትለቂ! እርጥበት ነው የበላት! ሌሊት ሌሊት እዚህ ውስጥ ምን ስትሠሪ ነበር?»

«እኔ?» አለች እህትየዋ። ድምፅዋ ቀስ ያለ ነው። «ክፍሉ ባዶ ነበር እኮ፣ ጋሼ። ማንም የለበትም ስትል ሰማሁህ።»

ያ ሁሉ የእንቁላል ካርቶን ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራውን ሠራ፤ ምንም አላስተጋባም። ጥርስ ሐኪሙ ካልሲውን ማየት ጀመረ። እህትና ወንድም ለረጅም ጊዜ ሲተያዩ ይሄ የመጀመሪያቸው ነበር፤ እናትየውን ሲያገላብጡ እንኳን እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ነበር የሚያየው። አሁንም መጀመሪያ ዓይኑን የሰበረው እሱ ነው።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ቤዝ እንደ ልማዱ ወደ ኋላ ሄዷል። ዕቃ ከፊት አይገዛም ብለናል። ወፍራም ጉልበቱን አጥፎ ከስፒከሮቹ ጀርባ ቁጢጥ አለ፤ አየ፣ ጎንበስ አለ፣ ጣቱን ሰደደ። ጣቱ ቆመ። ከዛ ቀና ብሎ ያየው ጓደኞቹን አይደለም፣ እሷን ነው። እሷም አየችው። ክሩን አይቷል፤ ማየቱን አይታለች፤ ማየቷን አውቋል። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል ብልህ ያለቅሳል ይባላል፤ እዛ ቤት ግን ብልሁ ነው ሊልስ የተነሳው። ሱሪውን አራግፎ ሲቆም ፊቱ ላይ ያለው ሐዘን ከጥርስ ሐኪሙም በለጠ። «ወንድሜ» አለ ከሆዱ ሥር፣ «ሬሳ እቤት አይከርምም። ባየሃት ቁጥር ደምህ ነው የሚፈላው። እኔ ለእንጨቷ ልውሰድልህ። እንጨቷ ጥሩ ነው፣ መደርደሪያ ይወጣታል። ያ የማስተማሪያ መኪናህ ጎማ ራሰ በራ ሆኗል አይደል? ሁለት ጎማ ከመኪናዬ ላውርድልህ።»

ሌላ ቀን ቢሆን ወንድምየው በዱላ ያባርረው ነበር። ያን ቀን ግን ጥርስ ሐኪሙ ቆሞ ያያል፤ የተታለለ ሰው እንዲታዘንለት አይፈልግም፣ የተታለለበት ነገር ከፊቱ ዞር እንዲልለት ነው የሚፈልገው። «ውሰዳት!» አለ። «ውሰዳት፣ አላያትም!» ቤዝ ወዲያው ተንበርክኮ ሽቦዎቹን ፈታ፤ ጠቅልሎ ከነክሩ ኪሱ ሊከት ሲል ወንድምየው «ሽቦው የኔ ነው!» ብሎ ጮኸ። «እሱን ለብቻው ነው የገዛሁት፣ ምርጥ ሽቦ ነው፣ አስቀምጥ!» ቤዝ ትንሽ ቅር ብሎት አስቀመጠው። ጥርስ ሐኪሙና ቤዝ አንድ አንዱን አቅፈው በኮሪደሩ ሲወጡ የቆመው አልጋ አላሳልፍ አላቸው፤ እህትየዋ ያዘችላቸው። ቤዝ አጠገቧ ሲደርስ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አለ። «ጆሮሽን ማሽን በልቶታል አሉ» አለ በሹክሹክታ። «አፍሽ ግን ደህና ነው። እንዲሁ ይቆይ።» እሷ አልጋዋን ነው የምታየው። ቀጥሎ ሁለቱ ጎማዎች መጡ። የት እናድርጋቸው ሲባል ወንድምየው በእጁ ብቻ አሳየ። ስፒከሮቹ በነበሩበት ቦታ፣ አዲሱ ምንጣፍ ላይ፣ ጎማዎቹ ተጋደሙ። እነሱም አዲስ አልነበሩም።

እንግዶቹ ሄዱ። ወንድምየው ሳሎን ሶፋው ላይ ተዘረጋ፤ ሰፊ ነው እንደተባለው። እህትየዋ ማንንም ሳትጠይቅ የፍራሹን ገመድ ፈታች፣ አልጋውን በራሷ ጎትታ አስገባች፤ እግሩ በር ላይ ሲይዝባት ሚስትየዋ መጥታ በዛኛው በኩል አነሳችላት። እህትየዋ አንድ ሰከንድ ያህል ልታመሰግናት አስባ ነበር። ጥሩ አደረገች አለማመስገኗ፤ ሚስትየዋ ከዛ ቀጥታ ወደ ሳሎን ሄዳ «እንግዲህ ስፒከሩም ሄደ፣ የጣሪያው ገንዘብም ሄደ» ስትል በግድግዳው በኩል ተሰማት። «ቢያንስ ክፍሉ ይከራይ። ያ ቤት ሲፈልግ የነበረው ተማሪህስ?» ትንሽ ቆይቶ ኮሪደሩ ላይ የወንድምየው ነጠላ ጫማ ድምፅ፣ ከዛ የስልኩ ቁልፎች ተሰሙ። እህትየዋ አልጋዋ ላይ ተቀምጣለች። ከእግሯ ሥር ሁለት ጎማ፣ ከጎማዎቹ አጠገብ የተጠቀለለ ምርጥ ሽቦ፣ ሽቦው ላይ ቀይ ክር።

«ሃሎ? አለሁ፣ አለሁ። ስማ፣ ቤት አገኘህ? አይ፣ እኛ ጋ አለ። ጥሩ ነው፣ ድምፅ አይገባበትም፣ አይወጣበትም። አዎ... አሁን መግባት ትችላለህ፤ ክፍሉ ባዶ ነው።»

ተነሳች። ሽቦውን ከወለሉ አነሳች። ኮሪደሩ ላይ ወጥታ ፊቱ ቆመችና ሽቦውን ክሩ ከላይ እንዲሆን አድርጋ ባዶ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። ወንድምየው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ አየው። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባውም፤ የሷ ክር ነው፣ ቀይ ክር። ከዛ ገባው። ፊቱ ላይ ሲገባው ይታያል፤ ከግንባሩ ጀምሮ ወደ ታች ነው የወረደው፣ አፉ ጋ ሲደርስ ከፈተው።

«አልተፈታም ነበር?» አለ።

«አስታውሺኝ ብለኸኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገርኩህ» አለች። «ዝም በይ አልከኝ።»

ከስልኩ ውስጥ የተማሪው ድምፅ «ሃሎ? ጋሼ? ክፍሉ አለ አይደል?» ይላል። ወንድምየው አልሰማውም። እህትየዋ እጇን ሰድዳ ስልኩን ከጆሮው ላይ ወሰደች፤ እንደ ሕፃን ለቀቀላት። «የለም» አለች በስልኩ፣ «ክፍሉ ሰው አለበት።» ዘጋችና መልሳ እጁ ላይ፣ ከሽቦው አጠገብ አደረገችለት። ሚስትየዋ ከወጥ ቤት አንገቷን አውጥታ ነበር፤ መልሳ አስገባችው።

ክፍሏ ገባች፣ በሩን ዘጋች፣ ቆለፈች። ነገ ምን እንደሚሆን አታውቅም፤ ነገ ሊከፍትባት ይችላል፣ ቤቱ የሱ ነው፣ ቁልፍ አለው። የዛሬውን ግን ቆለፈች። ከዛ ድሮ የእናቷ ፎቶ የነበረበት ቦታ ላይ ያለውን የእንቁላል ካርቶን በጥፍሯ ጫፉን ይዛ ሳበችው። ኮላው ጠንካራ ነበር፤ ካርቶኑ ሲላቀቅ ቀለሙንና ልስኑን አብሮ ገንጥሎ ወረደ፣ ሥሩ ያለው ጡብ ታየ። ቀጣዩን ሳበች። እሱም እንደዛው። ከግድግዳው ወዲያ ወንድምየው ቤዝ ጋ ይደውላል። ይጠራል፣ ይጠራል፣ ይቋረጣል። እንደገና ይደውላል። «አንሳ እንጂ አንተ ሰውዬ... አንሳ...» ይላል ለራሱ። ቤዝ አላነሳም። እሷ አቧራ ላይ ቆማ ካርቶኑን እየላጠች ነው፤ ማሽን የበላው ጆሮዋ አንዲት ጥሪ አላመለጠውም።